ብናገር ኖሮ ያስቀሩኝ ነበር፦ ተማሪዎችን ለአዳር የተራራ ጉዞ ስለማዘጋጀት

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ሙሉ ቃሉ)



ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ወደ ትምህርት ክፍላችን የሚመጣ አንድ ዓይነት ደብዳቤ አለ። ጸሐፊዎቹ የጂኦግራፊ ወይም የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪ መምህራን ናቸው። «ተማሪዎቻችንን ለአንድ ሌሊት ወደ ተራራ ልንወስድ ስላሰብን፣ ይዘው ሊሄዱ የሚገባቸውን ዕቃ ዝርዝር ላኩልን» ይላሉ። እኔም ለብዙ ዓመታት ዝርዝሩን ስልክ ኖሬአለሁ። ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ የእጅ ባትሪ፣ የውኃ መያዣ፣ የዝናብ ልብስ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን፤ ከዚያም መልካም ጉዞ እላለሁ። ዝርዝሩ ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ አንድን ልጅ ለሞት ሊያደርሰው የሚችለው ነገር በዚያ ዝርዝር ውስጥ ላይኖር እንደሚችል አውቅ ነበር፤ እያወቅሁም አልጻፍሁትም። የዛሬው ንግግሬ ያንን ዕዳ ለመክፈል የታሰበ ነው።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዲስ መምህር ሳለሁ ነው። ከሌሎች ሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሠላሳ ያህል ተማሪዎችን ይዘን ከከተማ ራቅ ወዳለ ተራራ ወጣን። ከጉዞው በፊት ለወላጆች ቅጽ በትነን ነበር። በቅጹ ላይ «ልጅዎ ሕመም አለበት? አለበት ወይም የለበትም ይበሉ» የሚል አንድ ጥያቄ ሰፍሯል። በክፍል ውስጥም፣ አሁን ሳስታውሰው የሚያሳፍረኝን ቃል በራሴ አፍ ተናገርሁ፦ «ተራራ ለጤነኛ ሰው ነው፤ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ይንገረንና ይቅር።» ሠላሳውም ቅጾች «የለበትም» ተብለው ተመለሱ። እኛም ተደሰትን።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ትንፋሽ አጠራት። ምሽቱን ሙሉ እሳት ዙሪያ ተቀምጠን ስንጫወት ጢሱ ወደ እርሷ ይነፍስ ነበር፤ ቅዝቃዜውም ጠንክሯል። አስም ነበረባት። በአፍ የሚሳበውን መድኃኒቷን፣ በጓዟ ውስጥ ቢታይ እንዳትቀር ፈርታ፣ ቤት ትታው መጥታለች። በዚያ ዘመን የእጅ ስልክ አልነበረም፤ መኪናው ከመንገዱ ዳር ሁለት ሰዓት ያህል በሚያስኬድ ርቀት ላይ ቆሟል። አንደኛው ባልደረባዬ በባትሪ ብርሃን ወደሚቀርበው መንደር ወረደ። ገበሬዎቹ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው፣ ሁለት እንጨትና ገመድ ይዘው መጡ፤ ቃሬዛ ሠርተው ልጅቱን እየተፈራረቁ ተሸክመው አወረዷት። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነግቷል። ተረፈች።

ከዚያ ሌሊት ሁለት ቃላት አልረሳም። አንደኛው ከተሸካሚዎቹ መካከል የነበሩ አንድ ሽማግሌ የተናገሩት ነው፦ «ምነው ልጄ፣ ይህን ሁሉ ልጅ ይዛችሁ በደጃችን ስታልፉ አንድ ቃል ሳትነግሩን?» ሁለተኛው፣ ልጅቱ ትንፋሿ ከተመለሰ በኋላ፣ ለምን እንደደበቀችን ስጠይቃት የመለሰችልኝ ነው፦ «ቲቸር፣ ብናገር ኖሮ ያስቀሩኝ ነበር።»

እውነቷን ነበር። አስቀራት ነበር። መዋሸቷን ልወቅስ አፌን ከፈትሁ፤ ነገር ግን ውሸቱን ያስተማርኋት እኔው መሆኔ ገብቶኝ ዝም አልሁ።

ስለዚህ ስለ ዝግጅት ስናወራ ከቅጹ እንጀምር። ልጆች ቅጹ ለምን እንደሚሞላ ከእኛ ይልቅ ፈጥነው ይረዳሉ። ቅጹ ለመለየትና ለማስቀረት ከሆነ፣ መልሱ ሁልጊዜ «የለበትም» ነው። አስም ያለበት ይደብቃል፤ ስኳር ያለበት ይደብቃል፤ የሚጥል በሽታ ያለበትማ፣ በኅብረተሰባችን ውስጥ ካለው አጉል አመለካከት የተነሣ፣ እናቱም አብራው ትደብቃለች። ጥያቄው መለወጥ አለበት። «ሕመም አለብህ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ከእኛ ጋር በሰላም ወጥተህ እንድትመለስ ምን እናድርግልህ?» ብለን እንጠይቅ። ይህ ጥያቄ በክፍል ፊት አይቀርብም። ተማሪው ወይም ተማሪዋ ከአንድ መምህር ጋር ለብቻ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ዐሥር ደቂቃ ያስፈልጋል። ለሠላሳ ተማሪ አምስት ሰዓት ነው፤ ለሦስት መምህራን ሲከፈል አንድ ከሰዓት በኋላ አይሞላም።

በዚያ ዐሥር ደቂቃ ውስጥ የሚወጣው ነገር ብዙ ነው። መድኃኒት የሚወስድ ልጅ አንዱን በራሱ ኪስ፣ ተለዋጩን በመምህሩ ቦርሳ ይዞ ይሄዳል። የወር አበባዋ ከጉዞው ቀን ጋር የሚገጥምባት ልጅ የምታማክራት ሴት መምህርት መኖር አለባት፤ ሴት መምህርት የሌለችበት ቡድን ሴት ተማሪዎችን ይዞ ማደር የለበትም። ሌሊት ሽንት የሚያመልጠው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለ፤ ድንኳኑ ከማን ጋር እንደሚሆን ማሰብ የእኛ ድርሻ ነው። ጾም የሚጾም ልጅ፣ በተለይም ውኃ እንኳ የማይቀምስበት ሰዓት ያለው ልጅ፣ ያንን ሳናውቅ ዳገት ብናወጣው ጥፋቱ የእኛ ነው። ቀኑን ስንመርጥ የሁሉንም ሃይማኖት የጾም ቀን መቁጠሪያ ፊታችን እንዘርጋ።

ሁለተኛው የማስቀሪያ መንገድ ራሱ የዕቃ ዝርዝሩ ነው። ለወላጅ «የመኝታ ከረጢት፣ የተራራ ጫማ፣ የዝናብ ጃኬት ይግዙ» ብለን ስንልክ፣ ከክፍሉ ግማሹ «ልጄ ፈተና አለበት» የሚል መልስ ይዞ ይመጣል። ፈተና የለበትም፤ ገንዘብ የለም። ትምህርት ቤቶች ይህንን ሊፈቱት ይችላሉ። ድንኳኑ፣ ምንጣፉና የዝናብ ልብሱ የክበቡ ንብረት ሆኖ በየዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ። ጫማን በተመለከተ፣ የለመደ አሮጌ ጫማ ትናንት ከተገዛ አዲስ ጫማ ይሻላል፤ አዲሱ ተረከዝ ይልጣል። ይህንን ለወላጅ ብንነግረው ከአንድ ሸክም ይገላገላል።

አሁን ወደ ተራራው እንምጣ። ምሳሌ ይሆነን ዘንድ ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን የመናገሻ ሱባ ደንን ልውሰድ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኝ ጥንታዊ ደን ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጽዱን፣ ዝግባውን፣ ወይራውንና ኮሶውን፣ የምኒልክ ድኩላንና ጉሬዛን በአንድ ቀን ለተማሪ ለማሳየት ለመዲናይቱ ከሚቀርቡ ስፍራዎች አንዱ ነው። የተራራው ጫፍ 3,385 ሜትር ይደርሳል።

አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከጉዞው በፊት ይህችን ስሌት ራሱ እንዲሠራት አደርጋለሁ። አዲስ አበባ በአማካይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ልዩነቱ 1,000 ሜትር ያህል ነው። ወደ ላይ በ1,000 ሜትር ስንወጣ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። በኅዳር ሌሊት አዲስ አበባ 8 ዲግሪ ከሆነ፣ ጫፉ ላይ 2 ዲግሪ ሊጠጋ ነው። በዚህ ላይ ነፋሱን ጨምሩበት። ሰማዩ የጠራበት ሌሊት ደግሞ ምድር ሙቀቷን በቶሎ ታጣለች፤ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፤ ውርጭ የሚያርፈውም እዚያ ነው። ተማሪው ይህንን ሲያውቅ፣ ድንኳኑን ነፋስ ስለማያገኘው ብሎ ሸለቆው ግርጌ አይተክልም፤ ከግርጌው ጥቂት ከፍ ያለ፣ ከነፋስ የተከለለ፣ ከጅረትም የራቀ ቦታ ይመርጣል። የጂኦግራፊ መጽሐፉ ምዕራፍ እንዲህ ሆኖ በሕይወቱ ውስጥ ይገባል።

የሰዓቱም ስሌት እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ በ1892 ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚዝ የተወው ቀላል መለኪያ አለ፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ተጨማሪ አንድ ሰዓት። 10 ኪሎ ሜትር ርቀትና 600 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ ለብርቱ ጎልማሳ ሦስት ሰዓት ይወስዳል ማለት ነው። ጓዝ ለተሸከሙ ሠላሳ ተማሪዎች ግማሹን እጨምራለሁ፤ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ዕረፍትና ምሳ ሲታከልበት ስድስት ሰዓት ይጠጋል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት የተነሣ ቡድን ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ድንኳን ተክሎ፣ ውኃ ቀድቶ፣ እራት ለማብሰል ብርሃን ይበቃዋል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል የተነሣ ግን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ገና ጓዙን እየፈታ ነው። በአገራችን ጀንበር ዓመቱን ሙሉ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላም ረጅም ምሽት የለንም፤ ቶሎ ይጨልማል። ስለዚህ ቡድኑ ከመነሣቱ በፊት የመመለሻ ሰዓት ይወሰን፦ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልደረስን፣ የትም ብንሆን ወደ ታች እንመለሳለን።» ይህ ውሳኔ በከተማ፣ ሳይደክመን፣ በጽሑፍ የሚወሰን ነው። ተራራ ላይ፣ ጫፉ እየታየ፣ ሠላሳ ልጅ «ትንሽ ነው የቀረን» እያለ የሚወሰን አይደለም። ፍጥነቱንም የሚወስነው ከሁሉ ዘገምተኛው ተማሪ ነው፤ ከፊት ይሰለፋል፤ ከኋላ ሁልጊዜ አንድ መምህር ይሆናል።

ከፍ ወዳሉት ተራሮች፣ ወደ ስሜን ወይም ወደ ባሌ ለምትሄዱ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ሊመጣ ይችላል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት። ከቆላ ከተማ የተነሣ ትምህርት ቤት በአንድ ቀን በመኪና ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የሳነቴ አምባ ወጥቶ ለማደር ማሰብ የለበትም። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የታወቀ ደንብ ነው። ሕመሙ የጀመረው ልጅ ወደ ላይ አይወጣም፤ ከባሰበት ሌሊትም ቢሆን ይወርዳል።

ስለ ብርድ አንድ ነገር አክዬ ልለፍ። እናቶቻችን ለልጃቸው ጋቢ ያሲዛሉ፤ ደግም ያደርጋሉ። ደረቅ ጋቢ ያሞቃል። ነገር ግን ጥጥ ከራሰ ሙቀት አይዝም፤ እንዲያውም ከገላ ሙቀት ይሰርቃል። የራሰ ጋቢ ለብሶ ከመተኛት ባይለብሱት ይሻላል። ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና ቢረጥብም ከጥጥ የተሻለ ሙቀት ይይዛል፤ የደጋ ሰው ይህንን ያለ ቤተ ሙከራ ያውቀዋል። ስለዚህ ጋቢው በላስቲክ ተጠቅልሎ ለመኝታ ይቀመጥ፤ የመኝታ ልብስም ቀን አይለበስ። ተማሪዎች እርስ በርሳቸው እንዲጠባበቁ ሦስት ምልክት አስተምሩአቸው፦ ጓደኛህ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ እግሩ ከተደናቀፈ ለመምህር ንገር። እርጥቡን አውልቁ፣ ደረቅ አልብሱ፣ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ አጠጡ። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ከቆመ ግን ተሽሎት አይደለም፤ አደጋው የከፋው ያን ጊዜ ነው፤ በቃሬዛ ወደ ሐኪም ይወሰዳል።

ስንቅን በተመለከተ ከሱቅ የሚገዛ እሽግ ምግብ አያስፈልገንም። ይህች አገር ለመንገደኛ የሚሆን ስንቅ ከጥንት ጀምሮ ታዘጋጃለች። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፤ ቀላል ናቸው፣ አይበላሹም፣ ብዙ እሳት አይጠይቁም። በከፍታ ላይ ውኃ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፤ 3,600 ሜትር ላይ 88 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላና ሽምብራ ለመቀቀል ብትሞክሩ ሌሊቱ ይነጋባችኋል። በሶ ግን አስቀድሞ የተቆላ ስለሆነ ይህ አያሳስበውም። የሚጠጣውን ውኃ ከ2,000 ሜትር በላይ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ አፍሉት። እሳትን በተመለከተ፣ ከዚያች ሌሊት በኋላ እኔ የምመክረው አነስተኛ የጋዝ ምድጃ ለማብሰያ፣ ሙቅ ልብስ ለሙቀት ነው። በደን ውስጥ እሳት ማንደድ የሚቻለው በተፈቀደበት ቦታ ብቻ ነው፤ ሲፈቀድም ጢሱ ወዴት እንደሚነፍስና ማን ፊት እንደሚነፍስ እዩ።

ይህ ሁሉ በንግግር አይማርም፤ ልምምድ ይፈልጋል። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ቡድኑ በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ሌሊት ይደር። ድንኳኑን በጨለማ ይትከሉ፣ በሶውን ይበጥብጡ፣ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ። በዚያ ሌሊት ማን እንደሚፈራ፣ ማን እንደሚያስል፣ የማን ጫማ እንደሚያነክስ ይታወቃል፤ ወላጅም በስልክ ርቀት ላይ ነው። ቀጥሎም በአንድ ቅዳሜ፣ ጓዝ ተሸክመው፣ በአቅራቢያ ባለ ኮረብታ ላይ ይለማመዱ፤ ለአዲስ አበባ ተማሪዎች እንጦጦ አለላቸው።

ወደ ሽማግሌው ቃል ልመለስ። በደጃቸው አልፈን ወጣን፤ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠንም። ሌሊት ግን በራቸውን አንኳኳን፤ እነርሱም ተነሡልን። ይህ ዕዳ ነው። ከጉዞው በፊት አንድ መምህር ወደ ስፍራው ይሂድ፤ የቀበሌውን አስተዳደር፣ የደኑን ጠባቂዎችና የመንደሩን ሽማግሌዎች ያነጋግር። መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው በክፍያ ይቀጠር። የጸጥታው ሁኔታ ከእነርሱ ይጠየቅ፤ «ዘንድሮ አትምጡ» ካሉ አይመጣም፤ ክርክር የለውም። የሚቀርበው ጤና ጣቢያ የት እንደሆነ፣ ሌሊት ሰው ይኖር እንደሆነ ይታወቅ። የስልክ ኔትወርክ በየሸለቆው ስለማይገኝ፣ በከተማ አንድ ኃላፊነት ያለበት ሰው የጉዞውን ዕቅድ በጽሑፍ ይዞ ይቀመጥ፦ እነማን ናቸው፣ በየት በኩል ሄዱ፣ እስከ ስንት ሰዓት ካልደወሉ ማን ዘንድ ይደወላል።

አንዳንድ ርእሳነ መምህራን «ይህን ሁሉ ኃላፊነት ከምንሸከም ብንተወውስ?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው አግባብ አለው። ዝግጅቱ ካልተሟላ መተው ራሱ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ የሚያሳፍር አይደለም። ነገር ግን ስለ ደን መመናመን በክፍል ውስጥ የሚማር ልጅ ከመቶ ዓመታት ዕድሜ ካለው ጽድ ሥር ቆሞ የማያውቅ ከሆነ፣ የምናስተምረው ቃሉን ብቻ ነው። ጓደኛው እስኪደርስበት መጠበቅን፣ የደከመውን መሸከምን፣ ፈርቻለሁ ብሎ መናገርን ደግሞ የሚማርበት ሌላ ክፍል ብዙ የለንም።

ሌላው ጥያቄ ከባድ ነው፦ «አንዳንድ ጊዜስ ማስቀረት ግድ አይሆንም ወይ?» ይሆናል። ሕመሙ ያልተረጋጋ ልጅ፣ ሐኪሙ የከለከለው ልጅ፣ ጫፉ ድረስ አይወጣም። ነገር ግን «አትመጣም» ከማለታችን በፊት «እስከ የት ልትመጣ ትችላለህ?» ብለን እንጠይቅ። ተራራው ግርጌ ከአንድ መምህር ጋር ሆኖ የአየር ሁኔታውን የሚመዘግብ፣ ዕፅዋቱን የሚለይ፣ መልእክት የሚቀበል ሰው ቡድኑ ያስፈልገዋል። ይህ ለማዘን ተብሎ የሚሰጥ ሥራ አይሁን፤ ከመጀመሪያው በዕቅዱ ውስጥ የገባ እውነተኛ ሥራ ይሁን። እንዲህ ከሆነ መናገር ቅጣት አይሆንም፤ ልጁም ይናገራል።

ያቺ ልጅ በተከታዩ ዓመት የክበቡ ጉዞ ሲታወጅ ስሟን አላስመዘገበችም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ቀለል ያለኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ቢሆን ኖሮ ከክፍል በኋላ ጠርቼ፣ «ምን ብናደርግልሽ ትመጫለሽ?» እላት ነበር። እናንተ ከነገ ጀምሮ ይህንን ልትጠይቁ የምትችሉ ተማሪዎች አሏችሁ። ደብዳቤ ለምትጽፉልንም የዕቃውን ዝርዝር እንልካለን፤ ከእንግዲህ ግን የመጀመሪያው መስመር ይህ ጥያቄ ይሆናል።